መብራቱ እንዳይበራ

ኦክቶበር 7፣ 2019፣ ሰኞ

ኦስሂልድ ከበርገን ደወለች። የጸሎት ቤታችን የጊታር ቡድን ሴቶች ከገና በፊት ለሚውለው ለመጀመሪያው የአድቬንት እሑድ በእናቷ ወንበር ተቀምጣ እንድትጫወትላቸው ለምነዋት እሺ ብላለች። ልጄ እዚያ ጸሎት ቤት መግባት ካቆመች ስድስት ዓመት ሆኗታል።  እሷ ግን አልጨረሰችም። የእናቷን ፔዳል ካልያዘች አትጫወትም።

«አለ አይደል?»

«አለ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል» አልኳት። ሚስቴ ጉንቮር ባለፈው ማርች ካረፈች ወዲህ ነክቼውም አላውቅም።

መዳፍ የምታህል የብረት ሣጥን ናት። ከጊታሩ የሚመጣው ገመድ በአንድ ጎኗ ገብቶ በሌላው ጎኗ ወደ ድምፅ ማጉያው ይወጣል። በእግር ሲረግጧት የጊታሩ ድምፅ፣ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ነፋስ እንዳለፈበት፣ ይርገበገባል። ቀይ መብራትም አላት። ጉንቮር ስልሳ አንድ ዓመቷ ላይ ቁርጥራጩን በፖስታ አስመጥታ፣ አሁን በምጽፍበት በዚሁ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ በይዳ ገጣጠመቻት። እኔ ያን ሰሞን ጠረጴዛው መቼ እንደሚለቀቅ ነበር የምጠይቃት።

ኦክቶበር 9

ኤሌክትሪክ የምታገኝበት አዳፕተሯ ጠፋብኝ። የሬዲዮኑን ሰካሁባት። ልክክ ብሎ ገባ። ጢስ። ቀጭን፣ እንዳረረ ስኳር የሚሸት። ነቀልኩት።

አሁን ዝም ብላለች።

ማምሻውን የራሷን አዳፕተር መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ሁለቱም ዘጠኝ ቮልት ይላሉ፤ ነገር ግን የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ቦታ ተለዋውጧል። በመነጽር ካልሆነ አይታይም። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር።

ኦክቶበር 10

ኦስሂልድ መልእክት ላከች፤ ፔዳሉ ደህና ነው ወይ ብላ። «ደህና ነው» ብዬ መለስኩ። ከዚያ ለጸሎት ተቀመጥኩ። «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ጋ ስደርስ ውኃ ልጥድ ተነሣሁ።

ኦክቶበር 13፣ እሑድ

ከስብሰባው በኋላ ወንድም ቢርገር ካፖርቴን ሳልደርብ ደረሰብኝ። ቢርገር የሽማግሌዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ኦስሂልድ በመምጣቷ ደስ ብሎታል። ብቻ ያ ማሽን ይመጣል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ገና አልታወቀም አልኩት። ይኸኛው ውሸት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት ጉንቮር ፔዳሏን ወደ ጸሎት ቤት ይዛ መጣች፤ ሁለት እሑድም ተጫወተችበት። ቢርገር ቅሬታ አቀረበ። ድምፁ ስሜት ያባብላል፣ ቀይ መብራቱም ከመስቀሉ ሥር ሲያበራ የመጠጥ ቤት ደጅ ያስመስለዋል አለ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ኮሚቴው ወሰነ። ኦስሂልድ ይህን በሰማች ጊዜ እናቴን አፏን ዘጋችኋት ብላ ሄደች።

ኮሚቴው ነው የወሰነው። ለእሷም ያን ጊዜ ያልኳት ይህንኑ ነው።

ኦክቶበር 16

ሣጥኗን ፈታሁ። አራት ብሎን ብቻ ናት። ውስጧ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ አለች። በላይዋ እህል እህል የሚያካክሉ ዕቃዎች ተተክለዋል፤ በሥሯ የመዳብ መስመሮች ይሄዳሉ። የጉንቮር ብየዳ ሁሉም አንድ መጠን፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ ነው። ከዕቃዎቹ አንዲት ሬዚስተርና አንዲት ዳዮድ ከስለዋል፤ የዳዮዷ አቅጣጫ የሚታወቅበት ቀለበትም አብሮ ከስሏል።

የአሠራሩን ወረቀት ብፈልግ የለም። ሰሌዳውም ላይ ጽሑፍ የሚባል የለበትም። የሸጠላት ሱቅ ተዘግቷል። ስለዚህ መስመሩን ራሴ ተከትዬ መሳል አለብኝ። የተማርኩት ሰባት ዓመት ነው፤ ኤሌክትሪክ አላውቅም። ነገር ግን አርባ አራት ዓመት የዓሣ መረብ መጠገኛ ቤት ሠርቻለሁ። የተቀደደ መረብ ሲመጣ አንዱን ክር በጣት ይዞ ከቋጠሮ ወደ ቋጠሮ መሄድ ነው፤ ክሩ ዋሽቶኝ አያውቅም።

ኦክቶበር 21

ሳልኩ። ደለዝኩ። ከጊታሩ ቀዳዳ እስከ ማብሪያው ሄጃለሁ። ዓይኔ ያለቅሳል። ድንች አሳረርኩ።

ኦክቶበር 23

ኦስሂልድ ደወለች፤ አላነሣሁም። ከቤት ውጭ ነበርኩ ብዬ ጻፍኩላት። ያኔ በረንዳ ላይ ወጥቼ ነበር። ሲጠራ ሰምቼ ነው የወጣሁት።

ኦክቶበር 26፣ ቅዳሜ

በአውቶቡስ ከተማ ወርጄ ሥዕሉን ለአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ አሳየሁት። ያቺ ሬዚስተር ኤሌክትሪኩ የሚገባበት በር ላይ ያለችው ናት፣ መቶ ኦም የሚባለው መጠን ይበቃታል አለኝ። ከዳዮድ ጋር ሰጠኝ። እቤት ገብቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ጸልዬ፣ በሥዕሉ መሠረት በየድኩ። ትክክለኛውን አዳፕተር ሰካሁ። ሁለት ጊዜ አይቼ ነው የሰካሁት።

ያው ጢስ። ያው ሽታ።

ይህ ቅጣት ነው ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እግዚአብሔር በአንዲት ሬዚስተር ሰው የሚቀጣ ይመስል እንዲህ ማሰቤ አሳፈረኝ።

ኦክቶበር 29

ማግነ ጋ ሄድኩ። ከእኔ አጥር ቀጥሎ ነው ቤቱ፤ በመርከብ ላይ ኤሌክትሪክ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጸሎት ቤት አይመጣም፣ ስለዚህም ለመናገር ቀለለኝ። ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ሰሌዳውን ገለበጠ፣ መለሰ፣ እንደገና ገለበጠ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነው።

«ኦድቫር፣ አንተ ሰሌዳውን በሆዱ በኩል ነው የሳልከው።»

«መስመሩ ያለው በሆዱ ነዋ።»

«ልክ ነህ። ዕቃውን የምትተክለው ግን በጀርባው ነው። ሲገለበጥ ግራህ ቀኝ ይሆናል። ፂምህን ስትላጭ መስታወት አይተህ አታውቅም? ዳዮዷን አዙረህ ነው የተከልካት።»

«መረብ ፊትና ጀርባ የለውም» አልኩት።

በሳቅ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ግን ውኃ አስቀመጠልኝና አስረዳኝ። ሁለቱ የተቃጠሉት ዘበኞች ናቸው። ኤሌክትሪክ በተሳሳተ በኩል ሲመጣ እነሱ ይሞቱና ቤቱ ይተርፋል። ሁለት ጊዜ ሞተውልሃል፣ ቤቱ ደህና ነው አለኝ። ከራሱ መሳቢያም ሌላ ሁለት ሰጠኝ። ከዚያ ስለ ኦስሂልድ ጠየቀኝና ነገርኩት።

«ለምን ደውለህ አቃጠልኩት አትላትም?»

አድሼ እሰጣታለሁ፣ ያኔ የምናገረው አይኖርም አልኩት። ማግነ እስከ አጥሩ ብቻ ሸኘኝ።

ኖቬምበር 5

እንደ አዲስ እየሳልኩ ነው፤ አሁን ሰሌዳውን በመስኮት ብርሃን ላይ ይዤ በጀርባው በኩል። ዛሬ የመብራቷ መስመር ጋ ደረስኩ። ተቋርጧል! በማጉያ መነጽር ካልሆነ አይታይም። በጣም ደስ አለኝ፤ ችግር አገኘሁ ብዬ። በአንዲት ጠብታ ብየዳ አገናኘሁት። በጉንቮር ሥራ ላይ ያገኘሁት የመጀመሪያ ጉድለት ነው።

ኖቬምበር 8፣ ዓርብ

ሠራች።

ዘበኞቹን አቅጣጫቸውን አይቼ ተከልኩ፣ ማግነም ቆሞ አየልኝ። ጢስ የለም። በእግሬ ረገጥኳት፤ ቀዩ መብራት በራ። ጊታር መምታት አልችልም፤ የጉንቮርን ጊታር ጭኔ ላይ አጋድሜ አንዱን ክር ብቻ ጎተትኩ። ድምፁ ወጣና መርገብገብ ጀመረ። ማግነ ባርኔጣውን አንሥቶ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ። ማግነ ሥራ የለበትም።

ኖቬምበር 10፣ እሑድ

ጠዋት ስነሣ ያ የተቋረጠ መስመር መልሶ መጣብኝ። ከመበየዴ በፊት በማጉያው ያየሁትን አስታወስኩ። መዳብ ሲበጠስ ዳሩ ይጎረብጣል። ይሄ ግን ሁለት ጎን ለጎን የተሳቡ የቢላ ቁርጦች ነበሩት፤ በመካከላቸው ያለችውም የመዳብ ፍንጣሪ ተነሥታለች። በአጋጣሚ እንዲያ አይሆንም። ሰው እጁን አስደግፎ የቆረጠው ነው።

ከመብራቷ በቀር ምንም የማይሄድበትን መስመር የሚቆርጥ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ከስብሰባው በኋላ ቶርቦርግ ዋፍል የተባለውን ኬክ ስታወጣ አጠገቧ ቆምኩ። ቶርቦርግ ከጉንቮር ጎን ሃያ ዓመት ጊታር የመታች ናት። ጉንቮር በእነዚያ ዓመታት ፔዳሏን ወደዚህ ታመጣ ነበር ወይ አልኳት፤ ዝም ብዬ እንደማወራ አስመስዬ። ዋፍሉን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«ኦድቫር፣ የምርህን ነው?»

«ምኑ?»

«ሰባት ሴቶች ነበርን፣ ሰባታችንም እናውቃለን። አንተም እያወቅህ ዝም ያልክ ነበር የሚመስለን። ወንድም ቢርገር ያ ማሽን ከቀረ ወዲህ ጊታርሽ ነፍስ ያሳርፋል ብሎ ሊያመሰግናት የመጣ ቀን፣ እግሯ ፔዳሏ ላይ ነበር። ቀሚሷን ጣል አድርጋበት ቆማ አመሰገነችው። እኔ ወደ ዕቃ ቤት ሮጬ ገብቼ ነው የሳቅኩት።»

ከዚያ ለቢርገር ዋፍል ልታቀርብለት ሄደች፤ ማርማላታ የበዛበትንም መረጠችለት።

ሰዓቱ አራት ነው፣ ውጭው ጨልሟል፣ ነፋሱ ከባሕር ነው። ይህን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ያን ድምፅ ሰምቻለሁ። በጣም ቀስ ያለ ስለነበር የጣቷ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እርጅና ጣቷን እያንቀጠቀጠ እንዴት አሳመረው እል ነበር። በሳምንቱ ውስጥ የቋጠረኝ ነገር ሁሉ የሚፈታው እዚያ ጋ ነበር። ስብከቱ ላይ አልነበረም፤ ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። የፈታኝ እንግዲህ የከለከልነው ነገር ነው።

የከለከልነው። ኮሚቴው ወሰነ እያልኩ እስከ ዛሬ ኖሬያለሁ። አራት ሰዎች ነበርን። ማነው የሚደግፍ ሲባል የቢርገር እጅ ወጣ፣ ከዚያ የእኔ። ሌሎቹ ሁለቱ የእኔን አይተው ነው ያወጡት። የእኔ ባይወጣ ኖሮ የእነሱም አይወጣም ነበር። ባሏ ነኝና።

ቃለ ጉባኤውን ዛሬ ከመዝገቡ አውጥቼ አነበብኩት። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፦ «በስብሰባ ጊዜ የእህት ጉንቮር ፔዳል መብራቱ እንዳይበራ ተወስኗል።» መብራቱ ነው የሚለው። ቢርገር «ማሽኑ ይቅር» እንዳለ አስታውሳለሁ። እኔ የጻፍኩት «መብራቱ» ነው። ሲነበብ ማንም አላረመም፤ ሁሉም ወደ ቤት መሄድ ፈልጎ ነበር። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር መሰለኝ። በደንብ ሳልሰማ ቀርቼ ይሆናል።

ጆሮዬ ግን ያን ጊዜ ደህና ነበር። ዛሬም ደህና ነው።

ግልባጩን ያን ዕለት ማታ ለጉንቮር ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግማ። «እሺ፤ መብራቱ አይበራም» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ የስፌት ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት አልተነጋገርንበትም። እኔ ለምን እንዲያ እንደጻፍኩ አልነገርኳት፣ እሷም ምን እንደቆረጠች አልነገረችኝ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ዓመት በላን።

ኖቬምበር 19

መስመሩን መልሼ ልቁረጠው ወይስ ልተወው? ቢላ ይዤ ተቀመጥኩ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ለኦስሂልድ ምን ልበላት? «መብራቱ» ብዬ የጻፍኩትን ብነግራት ራሴን ልከላከል የመጣሁ ይመስላል። ምናልባትም ልከላከል ነው የምፈልገው። እጄን ማውጣቴን ብቻ እነግራታለሁ። እሱ ያለ ጥርጥር የእኔ ነው።

ኖቬምበር 24

ቢርገር ዳግመኛ ጠየቀኝ። ይመጣል አልኩት። ኮሚቴውን ልጥራ ወይ አለኝ። ከፈለግህ ጥራ፣ እኔ ግን በዚህ ላይ ድምፅ አልሰጥም፣ ጸሐፊም ሌላ ፈልግ አልኩት። ኮሚቴውን አልጠራም።

ኖቬምበር 29፣ ዓርብ

ኦስሂልድ በጀልባው መጣች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች፤ ከጎን ስትታይ ጉንቮርን ትመስላለች። የዓሣ ሾርባ ሠርቼ ነበር። ከማዕድ ጸሎት በኋላ ማንኪያ ሳላነሣ ጀመርኩ።

«ኦስሂልድ፣ ፔዳሉን አቃጥዬው ነበር። ይሠራል ያልኩሽ ውሸት ነው። ደህና ነው ያልኩሽም ውሸት ነው። አሁን ሠርቷል።»

«ለዚህ ነው ስልክ የማታነሣው?»

«ለዚህ ነው። ሌላም አለ። ያኔ ኮሚቴው ወሰነ ብዬሽ ነበር። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔ እስከ ዛሬ ዝም ብለህ የተቀመጥክ ነበር የመሰለኝ። የተቀየምኩህ በዝምታህ ነው።» ቀጥላ፣ «የትኛው እንደሚብስ አላውቅም፣ አባዬ» አለች።

እኔም አላውቅም አልኳት።

እሷ ለእረፍት ስትመጣ እናቷ ስፌት ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ፣ በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ ተደብቃ ስትጫወት፣ እኔ ወጥ ቤት ጋዜጣ ስገልጥ ማየቷን አነሣችብኝ። ትክክል ናት።  ከዚያ ሥዕሌን አምጥቼ መስመሩ የተቆረጠበትን አሳየኋት፣ ቶርቦርግ ያለችኝንም፣ የቃለ ጉባኤውንም ቃል ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች። ሳቀች። በረንዳ ወጥታ ነፋሱ ላይ ብዙ ቆመች። ተመልሳ ስትቀመጥ ዓይኗ ቀልቷል።

«‹መብራቱ እንዳይበራ› ነው የሚለው? ‹ፔዳሉ› አይልም?»

«መብራቱ ነው የሚለው።»

«ማነው እንደዚያ ብሎ የጻፈው?»

«ጸሐፊው።»

«ጸሐፊው ማን ነበር?»

ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው፣ ብዪ አልኳት።

ዲሴምበር 1፣ የመጀመሪያው አድቬንት

ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ማግነ እንኳ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ኦስሂልድ በእናቷ ወንበር ተቀምጣ ተጫወተች። ቀዩ መብራት በርቶ ነበር፤ ሁሉም አየው። የቆረጠችው ጉንቮር ናት፣ የበየድኩት እኔ ነኝ፤ እንዲታይ የፈለግሁትም እኔው ነኝ። ስብሰባው ሲያልቅ ቢርገር መጣ፤ ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። ለካስ ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ስንሰማው የኖርነው ይህንኑ ነው አልኩት። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆየ። እንግዲያው እኔም ሳላውቀው ተባርኬበታለሁ ማለት ነው አለ፤ የተከፋ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ግን አትጻፈው አለኝ።

ለመጻፍ የተቀመጥኩት ግን ስለዚህ አይደለም። ጠዋት ስለሆነው ነው።

ሰው ሳይመጣ ቀድመን ሄድን፤ ኦስሂልድ ድምፁን ልትሞክር፣ እኔ ማሞቂያውን ልለኩስ። ፔዳሏ ላይ የመርገብገቡን ፍጥነት የምትወስን መዞሪያ አለች። ስፈታታና ስገጥም ዞራለች፤ ጉንቮር የት ላይ ታደርጋት እንደነበር ማንም አልመዘገበም። ቶርቦርግም አታውቅም። ኦስሂልድ መዝሙሩን ጀመረች። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

«ፈጠነ» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አዞረች፤ ተጫወተች።

«አሁንም ቀስ ይበል።»

አዞረች።

«አሁን በዛ። ትንሽ መልሺው። ከዚያ ያንሳል። እ... እዚያ ጋ።»

እዚያ ጋ ነበር። ጉንቮር ከፊቴ የተቀመጠች ያህል ነበር። ኦስሂልድ ጣቷን መዞሪያው ላይ እንዳደረገች ቀረች፤ ቀና አላለችም።

«በምን አወቅህ?»

«ቤት ስትለማመድ እሰማት ነበር።»

«አባዬ፣ በሩ ዝግ ነበር። ያውም ቀስ አድርጋ ነበር የምትጫወተው። ወጥ ቤት ድረስ አይሰማም።»

«ወጥ ቤት አይሰማም» አልኳት። «አንቺ ሳትኖሪ ወንበሬን ወስጄ በሩ ሥር ነበር የምቀመጠው።»